አሸናፊ አይነሳም

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ጎረምሳ ብቅ ይልና «የድሮ ጌም ዛሬም ያዝናናል ወይስ ትዝታ ነው የሚሸውደን?» እያለ ይጨቃጨቃል። ልጄ «ይሄ ሬትሮ ይባላል አባ» ትለኛለች። በወጣትነቴ ስጫወትበት ዱርዬ ያስባለኝ ነገር ዛሬ የውጭ ስም ወጥቶለት ተከብሯል ማለት ነው። እኔን ግን እስካሁን ማንም ስም አውጥቶ አላከበረኝም። ጎረምሳው ሆሳዕና ድረስ መጥቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ በአጭሩ እነግረው ነበር። ስላልመጣ በረጅሙ ልጽፈው ነው።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፣ ስለዚህ ትንሽ ብቻ ላውራ። መናኸሪያው አካባቢ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ ስፒከር፣ ባጠቃላይ ሌላው ባለሙያ «ይሄ አበቃለት» ብሎ የመለሰውን ሁሉ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የሰፈሩን ሬዲዮ እየፈታሁ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ጎረቤቶቼ ለትምህርቴ የከፈሉትን መስዋዕትነት አልረሳውም። እነሱም አልረሱትም። የሱቄ ታፔላ ላይ በቀይ ቀለም «ያልተሸነፈው ኤሌክትሮኒክስ ጥገና» የሚል ተጽፏል። ከሌሞ በጋሪ የሚመጡት ገበሬዎች ሬዲዮአቸውን ይዘው ሲገቡ ብልሽት የማያሸንፈኝ ይመስላቸዋል። እሱም ልክ ነው። ታፔላው የሚናገረው ግን ስለ ጌም ነው።

ጢሜ በደንብ ሳያድግ፣ ጥገናውን ሳልጀምር በፊት፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጌም ቤት ከፍቼ ነበር። በከተማው የመጀመሪያው ነው። ሌላ ሰው የመጀመሪያው የእኔ ነበር ካላችሁ ታሞ ነውና ጸልዩለት። ዕቃዬ አንድ ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን፣ አንድ ጌም፣ ሁለት ጆይስቲክና ሁለት ዱካ ነበር። ጌሙ ሲሞቅ ሲዲ ማንበብ እንቢ ይላል፤ ስለዚህ ገልብጠን፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርገን ነበር የምናጫውተው። ይህን ዘዴ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባም እንደዚያ ያደርጉ ነበር ይባላል። ከእኔ ሰምተው ይሆናል።

ጌም ቤቱ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ አይነሳም። ሽንቴ መጣ፣ እናቴ ጠራችኝ፣ ዝናብ የተሰጣ ልብሴን መታው፣ ምንም አይሠራም። ከዱካው የተነሳ ተሸንፏል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም እኔ አልነሳም ነበር። ጠዋት ከፍቼ የተቀመጥኩ ማታ ስዘጋ ነው የምቆመው።

ሊያስነሳኝ የተቃረበ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሺንሺቾ ልጅ ነው፤ ለትምህርት ሆሳዕና መጥቶ እኛ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እኔ ሀዲያ፣ እሱ ከምባታ። እኔ በእናቴ ቋንቋ፣ እሱ በእናቱ ቋንቋ ነው ያደግነው። ስንሰዳደብ ግን በአማርኛ ነበር፣ ሁለታችንም እኩል እንድንሳሳት።

አንድ የገበያ ቀን እኔና እሱ ሁለት ለሁለት ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ደርሷል። ክፍሉ በሰው ታፍኗል። ኳሱ እኔ እግር ላይ ነው፤ የእሱ በር ጠባቂ እንደ ልማዱ ወዳልሆነ ቦታ ሄዷል። በዚህ መሀል በሩ ጨለመ። አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ዱላ የያዙ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። የልጁ አባት ናቸው። እህል ሊሸጡ ከሺንሺቾ መጥተው፣ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ቢፈልጉት አጥተው፣ ሰው እኛ ጋ ጠቁሟቸዋል።

«ኖር! ኖር አባባ!» ብሎ ቤቱ በሙሉ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ጆይስቲኩን ዱካው ላይ አስቀምጬ፣ ሁለት እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። ምን ላድርግ? ጌም ተጫዋች ብሆንም ሰው አሳድጎኛል።

የገዛ ልጃቸው ግን አልተነሳም። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ዝም ብሎ የቆመውን አጥቂዬን ኳስ ነጠቀው፣ ሜዳውን ሙሉ ሮጠ፣ አገባ። «ገባ! ተነስቷል! ተሸንፏል!» ብሎ ጮኸና ዞር ሲል አባቱን አየ።

«ሰው ሲገባ አትነሳም?» አሉት።

«አባባ፣ የዚህ ቤት ሕግ ነው። አሸናፊ አይነሳም።»

«ጥሩ ሕግ ነው» አሉና በጆሮው አንጠልጥለው አስነሱት።

ክርክሩ የተጀመረው ያኔ ነው። እሱ «ተነስተሃል፣ የተነሳ ተሸንፏል» ይላል። እኔ «አንተም ተነስተሃል» እላለሁ። እሱ «እኔ በጆሮዬ ነው የተነሳሁት» ይላል። በጆሮ የተነሳ ተነሳ ይባላል ወይስ አይባልም? ይህን ጥያቄ ለሁለት ጠበቆችና ለአንድ የቀበሌ ሊቀመንበር አቅርቤዋለሁ። ሁለቱ ሳቁ፣ አንዱ ሱቄን ለቆ ወጣ።

የዚያ ቀን መነሳቴ ግን ሌላ ነገር አመጣ። ልጁ እህት ነበረችው። ኋላ ላይ ሽማግሌዎች ወደ ሺንሺቾ ስልክ፣ አባትየው መጀመሪያ የጠየቁት ሥራዬን አይደለም፤ ሥራዬን ቢጠይቁ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «ይሄ ያ የተነሳው ልጅ ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ «አዎ» ሲሉ፣ «እንግዲያው ተቀመጡ» አሏቸው። ሚስቴን ያገኘኋት እንደዚህ ነው። ወንድሟ «በእኔ ጎል ሚስት አገባህ» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ጎሉ አልተቆጠረም» እለዋለሁ።

ከዚያ እሱ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፣ እዚያ ሱቅ ከፈተ፣ ወፈረ። በየበዓሉ ይደውላል። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታው አንድ ነው፤ «እሺ፣ የተነሳኸው ሰውዬ፣ እንዴት ነህ?» እኔ ታፔላውን ያጻፍኩት በእሱ ንዴት ነው። ለልጄም፣ ለደንበኞቼም፣ የጊምቢቹን ሚኒባስ ለሚጠብቅ መንገደኛም በሕይወቴ ተሸንፌ እንደማላውቅ ነግሬያለሁ። ሰው ደጋግሞ የሰማውን ያምናል። እኔም አምኛለሁ።

ዘንድሮ ለኢድ መጣ። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ሆሳዕና ገብቶ፣ እህቱን ስሞ ሳይጨርስ ሱቄ ፊት ቆሞ ታፔላውን አነበበ። ሆዱን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ።

«ያልተሸነፈው? አንተ ሼባ፣ አታፍርም?»

«የማፍረው እንዳንተ ወፍሬ ብመጣ ነበር።»

«ጌሙ አለ?»

«የእኔ ዕቃ አይጠፋም።»

«እንግዲያው በኢድ ቀን፣ ዘመድ በተሰበሰበበት እንጨርሰዋለን። ከተሸነፍክ ታፔላውን በገዛ እጅህ ታወርዳለህ።»

«ካሸነፍኩስ?»

«ካሸነፍክ ያን ቀን ያሸነፍከው አንተ ነህ ብዬ በዘመድ ፊት እመሰክራለሁ። ወላሂ፣ ሁለተኛም የተነሳኸው ሰውዬ አልልህም።»

ያን ቃል ለመስማት ከጎልማሳነቴ አብዛኛውን ሰጥቼ ነበር። ተጨባበጥን።

ጌሙ አልጋ ሥር ማዳበሪያ ውስጥ ነበር። ስፈታው ከውስጡ የወጣውን ነገር ሁሉ አልዘረዝርም፤ ጥቂቱ ይሮጥ ነበር። አቧራውን ነፋሁ፣ ሁለት ሽቦ በየድኩ፣ ሲዲውን በጥርስ ሳሙና አሸሁ። ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለበዓል መጥታ ነበርና አጠገቤ ቆማ «አባ፣ ይሄንኮ በስልኬ በአንድ ደቂቃ ላወርድልህ እችላለሁ» አለችኝ። እንዳልሰማሁ ሆንኩ። የሳሎናችን ቀጭን ቴሌቪዥን ለዚህ ክብር ስላልበቃ ከሱቅ ጀርባው ያበጠውን አመጣሁ። የባጃጅ በር ጠብቦት በግድ ጭኜ አደረስኩት፤ ባጃጁ ከበድ ሲለው ሹፌሩ ወርዶ ገፋ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ መጫወት ሕገ ወጥ ስለሆነ ከጓዳ ሁለት ዱካ አስወጣሁ። ከዚያ ጌሙን ገልብጬ ቁልፉን ተጫንኩ። በራ! ሳሎን የነበሩ የሚስቴ አክስቶች እልል አሉ። ምን እንደበራ ግን አላወቁም።

አሁን ወደ ጎረምሳው ጥያቄ ልምጣ። ያዝናናል ወይ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ስናየው ሁለታችንም ደነገጥን። በትዝታዬ ውስጥ ያ ጌም እንደ እውነት ነበር፤ ሣሩ ይሸታል፣ ተጫዋቾቹ ያልባቸዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያየሁት ግን በካውያ የተተኮሰ ፊት ያላቸው፣ ጣት የሌላቸው፣ ከጉልበታቸው የማይታጠፉ ሰዎች ናቸው። ተመልካቹ ካርቶን ላይ የተረጨ ቀለም ነው። ዳኛው መሬት ሳይነካ ይንሸራተታል። ተንታኙ በጃፓንኛ ይጮሃል፤ ያኔ የሚለው ሁሉ የሚገባን ይመስለኝ ነበር።

«ይሄ ነበር እንዴ?» አለ የሚስቴ ወንድም ቀስ ብሎ።

«ቴሌቪዥኑ ነው» አልኩት።

«ቴሌቪዥኑ ያው ነው።»

«እንግዲያው ዓይንህ ነው።» መነጽሬን አደረግኩ፤ ባሰበት።

የመጀመሪያው አጋማሽ በሽታ ነበር። አውራ ጣቴ ቁርጥማት ያዘው። ዱካው ላይ የተቀመጠው ሰውዬና በትዝታዬ የማውቀው ሰውዬ አንድ አይነት ወገብ የላቸውም። ልጄና የአክስቷ ልጆች ትንሽ አዩና ስልካቸውን አወጡ። አንዷ «ኳሱ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔም እየፈለግኩት ነበር።

ከዚያ እሱ አገባብኝ፤ አንድ ለዜሮ። ጎሉን ሳይሆን አፉን ነው ያልቻልኩት። «መሰላል ላምጣልህ? ታፔላው ከፍ ያለ ነው» አለኝ። የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ በራ። አውራ ጣቴ መታመሙን ረሳ። አንዱን መለስኩ። «ደቡብ አፍሪካ ሽንኩርት ስትመዝን ነው እንዴ የኖርከው?» ስለው ዱካው ላይ ተቁነጠነጠ። እንደገና አገባ። እንደገና መለስኩ። ሁለት ለሁለት። ስልካቸውን ያወጡት ልጆች ስልካቸውን አስቀመጡ። አክስቶቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው መደገፍ ጀመሩ፤ የእሱ ደጋፊ በዛ፣ የደቡብ አፍሪካ ብርድ ልብስ አምጥቶላቸዋላ። ተጫዋቾቹ ፊት የሌላቸው መሆኑን ማን ያስታውሳል? እኔ ላብ አየሁ። ሣሩም ሸተተኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሱ የእሱ ነበር። ወደ እኔ ጎል እየመጣ ነው፣ ከፊቱ ማንም የለም፣ ታፔላዬ እየተወዛወዘ ነው። በዚህ መሀል የግቢው በር ሲከፈት ተሰማ። ሚስቴ ከጓዳ «አባባ መጡ!» አለች።

አማቴ ከሺንሺቾ በሚኒባስ ነበር የሚመጡት። አሁን አርጅተዋል። ያው ነጭ ቆብ፣ ያው ዱላ። በሩ ጨለመ።

«ኖር! ኖር አባባ!» ቤቱ በሙሉ ተነሳ።

የሚስቴ ወንድም ቴሌቪዥኑን አየ። አባቱን አየ። ጎሉ ከፊቱ ነው፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል። ጆይስቲኩን ዱካው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ሁለት እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፤ ልክ እኔ ያኔ እንዳደረግኩት።

እኔስ? ጀግና አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጊዜ አይገባም ብዬ አሰብኩ። አልተነሳሁም። ኳሱን ነጠቅኩ፣ ሜዳውን ሙሉ ሮጥኩ፣ ከግራ ጥግ መታሁ። ከግራ ጥግ የተመታ ኳስ ሁልጊዜ ይገባል፣ በር ጠባቂው ለምን እንደሆነ አላህ ይወቀው ወደ ቀኝ ነው የሚወድቀው። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

«ገባ! ተነስቷል! ተሸንፏል!» ብዬ ጮህኩና ዞር አልኩ።

ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሟል። የተቀመጥኩት እኔና ቴሌቪዥኑ ነን። ሚስቴ የጓዳው በር ላይ ሆና የምታየኝ አስተያየት፣ ለሽማግሌዎቹ እሺ በመባሉ የተጸጸተች ሰው አስተያየት ነው። ጃፓኑ ተንታኝ ብቻ ደስ ብሎት ይጮሃል።

ልነሳ ስል አማቴ ዱላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። ቀስ ብለው።

«ማን አሸነፈ?» አሉ።

«እሱ» አለ የሚስቴ ወንድም። «መስክሬያለሁ።» ቃሉን ጠበቀ። ስንት ዘመን የጠበቅኩት ምስክርነት እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ሆነብኝ።

አማቴ ልጃቸውን «የዚያ ቤት ሕግ ምን ነበር ያልከኝ?» አሉት።

እሱም ገባው፤ ፊቱ በራ። «አሸናፊ አይነሳም አባባ።»

«ጥሩ ሕግ ነው። አማቼ አሸንፏል፣ አይነሳም። ተሸንፎ እስኪነሳ አጫውቱት።» ይህን ብለው ሰላምታዬን ሳይቀበሉ ወደ ምግቡ ክፍል አለፉ። ዘመዱ በሙሉ ተከተላቸው።

እንግዲህ ተፈረደብኝ። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ እየመጡ ይቀመጣሉ፣ አሸንፋቸዋለሁ፣ እየሳቁ ይነሳሉ። ምን ላድርግ፣ እጄ መሸነፍ አያውቅም። ከዚያኛው ክፍል የአተካናው ሽታ መጣ። ሚስቴ አተካና ስትሠራ ቡላውን በወተትና በቅቤ እያማሰለች ቅቤው ከላይ እስኪተኛ ነው፤ ሽታው ግድግዳ አያግደውም። የሚስቴ ወንድም ሳህኑን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፣ እየጎረሰ ያየኛል።

«እንዴት ነው፣ ያዝናናል?» አለኝ አፉ ሞልቶ።

ጎረምሳው፣ ይሄን ጻፍልኝ። ማንም «ተነሳ» ብሎ የማይሳደብህ፣ ማንም ከኋላህ ቆሞ የማይጮህልህ ከሆነ የድሮ ጌም ፊት የሌላቸው ሰዎች ኳስ ሲፈልጉ ማየት ነው። ስታሸንፍ ደግሞ ይብሳል።

ልጄን «አንቺ፣ ነይ እስኪ አሸንፊኝ» ብዬ በሹክሹክታ ለመንኳት። «አባ፣ ያልተሸነፈው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ። ተጫውታ በአራት ጎል ተሸነፈች። ሞኝ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ሆን ብላ ነው።

በመጨረሻ ሚስቴ መጣች። እጇን በመቀነቷ እያደረቀች ፊት ለፊቴ ዱካው ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ ጆይስቲክ ይዛ አታውቅም።

«የቱ ነው የሚመታው?» አለች። አሳየኋት።

ያኔ ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛው ታፔላዬ፣ በቀይ ቀለም። ሁለተኛው ከግድግዳው ማዶ ያሉት ሽማግሌ፤ እኔን የመረጡኝ አንድ ቀን ስለተነሳሁ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አላዩብኝም ነበር። ሚስቴ ኳሱን ይዛ ወደ ግራ ጥግ ሄደች። ሌላ ቦታ አልሄደችም፣ ቀጥ ብላ እዚያ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ከግራ ጥግ ከግራ ጥግ ስትል ማን የሚሰማህ መስሎህ ነው?» ብላ መታችው።

ልከለክል እችል ነበር። አንድ ተከላካይ አጠገቧ ነበረኝ። ቁልፉን አልተጫንኩም። ይህን ለማንም ብናገር የሚያምነኝ አላገኘሁም፣ እናንተም እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ገባ። በር ጠባቂዬ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ወደቀ።

ተነሳሁ። ወገቤ እየተንቋቋ፣ ሁለት እጄን አጣምሬ፣ ወደ ምግቡ ክፍል ሄጄ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። «ኢድ ሙባረክ አባባ» አልኩ።

አማቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ተሸነፍክ?»

«ተሸነፍኩ።»

«ያ የተነሳው ልጅ ነህ» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሳምኩት።

ሳህን ላነሳ ስል ከሳሎን የሚስቴ ድምፅ መጣ። «ሻይ ያልደረሳቸው እንግዶች አሉ! እኔ እንደሆነ አሸንፌያለሁ፣ አልነሳም!»

አክስቶቹ እልል አሉ። አሁን የሚሉትን ያውቃሉ። የሚስቴ ወንድም ማንቆርቆሪያውን አመጣና እጄ ላይ አስቀመጠው፣ ቀጥሎ ትሪውን ጨመረበት። ለአንዱ ቀዳሁ፣ ለሌላው ጨመርኩ፣ ቅቤው አተካናው ላይ እየረጋ በጎን አየሁት።

አማቴ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በዱላቸው መታ መታ አደረጉና «ተቀመጥ እንጂ ልጄ» አሉ።

«ተሸናፊ አይቀመጥም አባባ» አለ የሚስቴ ወንድም። «ታፔላውን አውርዶ ሲመጣ ይቀመጣል። መሰላሉን በሩ ላይ አቁሜለታለሁ።»